ፎርማት ከማስደረግሽ በፊት ገመዱን ቀይሪ

«ጤና ይስጥልኝ። ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽ የፎቶና የቪዲዮ ቤት አለችኝ። ጥር ላይ የቀረጽኩት አንድ ሰርግ ከነመልሱ ያለው በኤክስተርናል ሃርድ ዲስክ ላይ ነው። ከሙሽሮቹ ጋር ዘጌ ሄደን ፎቶ አንስተን በጀልባ ስንመለስ ቦርሳዬ ላይ ውኃ ተረጭቷል፤ ዲስኩ ግን በፌስታል ተጠቅልሎ ነበር። አሁን ከጠረጴዛ ሥር ካለው ዴስክቶፕ የፊት መሰኪያ ላይ ስሰካው መብራቱ ይበራል፣ ጢቅ ጢቅ ይላል፣ ስሙ ብቅ ይልና ይጠፋል። አንዳንድ ጊዜ ‹ፎርማት ይደረግ?› የሚል ጥያቄ ያመጣል። የራሱ ገመድ ስለጠፋብኝ የምጠቀመው በስልክ ቻርጀር ገመድና በማራዘሚያ ነው። በወንድሜ ላፕቶፕ አንድ ጊዜ ተከፍቶ ፎልደሮቹን አይቻለሁ፤ ወዲያው ተመልሶ ጠፋ። ጥገና ቤት ስወስደው ‹ሞቷል፤ ፎርማት አድርገን እንሞክረው› አሉኝ። ወንድሜ ደግሞ ችግሩ የመብራቱ መዋዠቅ ነው፣ ስታቢላይዘር ግዢ ይለኛል። ከፍታው ነው ያለኝም ሰው አለ። የሙሽራው እናት በየቀኑ ይደውላሉ፤ ቀብድ ተቀብያለሁ፤ ‹እየተቀናበረ ነው› እያልኩ አለሁ። ምን ይሻለኛል?»

ባለ ካሜራዋ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦

እህቴ፣ በመጀመሪያ ዲስኩን ንቀዪውና ጠረጴዛው ላይ አስቀምጪው። ይህን አንብበሽ እስክትጨርሺ ድረስ የትም አትሰኪው።

ፎርማት የሚባለውን ነገር ደግሞ ጭራሽ እርሺው። ፎርማት ሲደረግ ፋይሎቹ የት የት እንዳሉ የተመዘገበበት ማውጫ ይጠፋል። ሙሉ ፎርማት ከሆነ ደግሞ ዊንዶውስ በጠቅላላው ዲስክ ላይ ዜሮ ይጽፍበታል፤ ከዚያ በኋላ ሰርጉን ማንም አይመልስልሽም። ዲስክ ይዞ ለመጣ ሰው የመጀመሪያው ጥያቄ «የምትፈልጊው ዲስኩን ነው ወይስ ውስጡ ያለውን?» መሆን አለበት። ይህን ሳይጠይቅ ፎርማት ላድርግ የሚል ባለሙያ እጁ ጥሩ ሊሆን ይችላል፤ የአንቺን ዲስክ ግን ባይነካው እመርጣለሁ።

ሞቷል ስለመባሉ፣ እኔ ገና አላመንኩም። የሞተ ዲስክ ፎልደር አያሳይም፤ ያንቺ ግን አንድ ጊዜም ቢሆን አሳይቷል። ደብዳቤሽን ሳነብ ዓይኔን የያዘችው በመሐል ጣል ያደረግሻት ነገር ናት፤ የስልክ ገመድና ማራዘሚያ። ግምቴ ዲስክሽ ኃይል አንሶታል የሚል ነው።

የዩኤስቢ መሰኪያ ፋይል ያመላልሳል፤ ኤሌክትሪክም ያቀብላል። የሚያቀብለው በ5 ቮልት ነው። ዩኤስቢ 2.0 የሚባለው የቆየው ዓይነት ለአንድ መሣሪያ የተመደበለት 500 ሚሊ አምፒር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዩኤስቢ 3.0 ይህን ወደ 900 ከፍ አድርጎታል። ግድግዳ ላይ የሚሰካ አዳፕተር ያላቸው ትልልቅ ዲስኮች ይህ አያሳስባቸውም፤ በኪስ የሚያዘው ያንቺ ዓይነቱ ግን የሚያድረው በዚህችው ብቻ ነው። ውስጡ ያለው ሳህን ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 5,400 ዙር ይሽከረከራል። መሽከርከር ከጀመረ በኋላ ብዙ አይጠይቅም፤ ጣጣው መነሻው ላይ ነው። የቆመ ባጃጅ የገፋ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ ጉልበት የሚጨርሰው ከቦታው እስኪነቃነቅ ድረስ ነው። ብዙዎቹ ትንንሽ ዲስኮችም ሲነሡ ለጥቂት ሰከንድ ወደ 1 አምፒር የሚጠጋ ይስባሉ። መሰኪያው ይህን ካልሰጠ ሳህኑ መዞር ይጀምራል፣ ቮልቱ ይወርዳል፣ ዲስኩ ራሱን ያጠፋል፣ እንደገና ይሞክራል። ጢቅ የሚለው፣ ስሙም ብቅ ብሎ የሚጠፋው በዚህ መሐል ነው።

አሁን ወደ ገመድሽ እንምጣ። የዲስኩን አፍ አስተውለሽ ተመልከቺው፤ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክፍሎች አሉት፣ አንደኛው ሰፋ ይላል። የቆየው የስልክ ገመድ፣ ማይክሮ ዩኤስቢ የሚባለው፣ ልክክ ብሎ የሚገባው በሰፊው ክፍል ነው፤ ጠባቡ ባዶውን ይቀራል። ስለሚገባና መብራቱም ስለሚበራ ሰው የሚሠራ ይመስለዋል። ነገር ግን በዚያ ገመድ ዲስኩ በዩኤስቢ 2.0 ፍጥነት ብቻ እንዲሠራ ይገደዳል፤ ኮምፒውተሩም የሚያየው የ500 ሚሊ አምፒር ደንበኛ አድርጎ ነው። በዚያ ላይ የርካሽ ቻርጀር ገመድ ውስጡ ያለው መዳብ ፀጉር ያክላል። ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ከቮልቱ ይቀንሳል፤ አንድ ሜትር የሚሆን ቀጭን ገመድ 1 አምፒር ሲያልፍበት ወደ ግማሽ ቮልት የሚጠጋ በመንገድ ላይ ሊያስቀር ይችላል። አንቺ ደግሞ በላዩ ማራዘሚያ ጨምረሽበታል። ከ5 ተነሥቶ ዲስኩ ጋ ሲደርስ 4 ከምናምን ሆኗል ማለት ነው፤ ዲስኩ በዚያ አይነሣም።

የዴስክቶፕሽም የፊት መሰኪያ ነገሩን ያባብሰዋል። ከኋላ ያሉት መሰኪያዎች የኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ የሆነው ማዘርቦርድ ላይ የተበየዱ ናቸው፤ የፊቶቹ ግን በሳጥኑ ውስጥ በሚያልፍ ሌላ ቀጭን ሽቦ ነው የሚገናኙት። በእርጅና የላሉ፣ አቧራ የጠጡ ሆነው የሚገኙትም ብዙውን ጊዜ እነሱው ናቸው። ለፍላሽና ለማውስ ምንም አይሉም፤ ለሃርድ ዲስክ ግን አይታመኑም።

ስለዚህ ዛሬ ማታ የምታደርጊው ይህ ነው። የዲስኩን ትክክለኛ ገመድ ግዢ፤ ሻጩ ዘንድ ዲስኩን ይዘሽ ሂጂና ሁለቱንም ክፍል የሚሞላውን፣ ወፍራምና አጭር የሆነውን ምረጪ፤ ግማሽ ሜትር ይበቃል። ከመሰካትሽ በፊት በስልክሽ ባትሪ የዲስኩን አፍ ውስጡን እዪ። ውኃ ተረጭቷል ስላልሽ ነው። የመገናኛ ጥርሶቹ ቢጫ ሆነው የሚያብረቀርቁ ከሆነ ፌስታሉ ሥራውን ሠርቷል። አረንጓዴ ወይም ነጭ ነገር ከቋጠሩ ግን አትሰኪው፤ በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጽድቶ በደንብ እስኪደርቅ የሚጠብቅ ሰው ፈልጊ።

ንጹሕ ከሆነ በወንድምሽ ላፕቶፕ ላይ ሰኪው፤ ያለ ማራዘሚያ፣ በቀጥታ። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ይሁን፣ ቻርጀሩም ይሰካ፤ መብራት ቢሄድ ሥራው እንዳይቋረጥ። ሌላውን ሁሉ፣ ማውሱንም ጭምር፣ ንቀዪለት። ውስጡ ሰማያዊ የሆነ መሰኪያ ካለው ብዙውን ጊዜ 3.0 ነው፤ እሱን ምረጪ።

ከዚያ ጆሮሽን ወደ ዲስኩ አስጠጊና አዳምጪ። ጤነኛ ዲስክ ሲነሣ ቀስ እያለ ከፍ የሚል የመሽከርከር ድምፅ ያሰማል፣ አንድ ጊዜ ቀለል ያለ ጢቅታ ይከተላል፣ ከዚያ ድምፁ አንድ ዓይነት ሆኖ ይቀጥላል። ኃይል ያነሰው ዲስክ ድምፁ ከፍ ሲል ሲል ይቆረጥና ይወርዳል፣ እንደገና ከመጀመሪያው ይነሣል፣ መብራቱም አብሮት ይጠፋል ይበራል። ሦስተኛው ድምፅ ነው የማልወደው፤ ሳህኑ በደንብ እየዞረ በእኩል ልዩነት ቷ፣ ቷ፣ ቷ የሚል ጠንካራ ምት። በጥሩ ገመድና በጥሩ መሰኪያ ላይ ሆኖም ይህን ካሰማሽ የንባብ ጭንቅላቱ ተጎድቷል ማለት ሊሆን ስለሚችል ወዲያው ንቀዪው። ደጋግሞ መሞከር ሳህኑን ያስፍቀዋል።

በገመዱ ለውጥ ከተከፈተልሽ፣ እልል ከማለትሽ በፊት ገልብጪ። መጀመሪያ የሰርጉን፣ ከዚያ የመልሱን፣ ሌላውን በኋላ። ኮፒ እንጂ ከት አታድርጊ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ መርጠሽ አትልቀቂው፤ ፎልደር በፎልደር ይሁን፣ አንዱ ላይ ቢደነቅፍ የቱ እንደሆነ እንድታውቂ። 300 ጊጋባይት የሚሆን ቪዲዮ በዩኤስቢ 3.0 አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ በስልኩ ገመድ ቢሆን ኖሮ ከሁለት ሰዓት በላይ ነበር። ሲያልቅ አንድ ሁለቱን ቪዲዮ ከመሐልና ከመጨረሻ ከፍተሽ እዪ። «ፎርማት ይደረግ?» የሚለው ጥያቄ ከመጣ ካንስል ነው መልሱ። ጎበዝ ነን የሚሉ ሰዎች ቼክ ዲስክ የሚባለውን የዊንዶውስ የዲስክ መጠገኛ አስነሺበት ይሉሻል፤ እሱም ፋይሎቹ ሳይወጡ አይነካም፤ የፋይል አደረጃጀቱን እየለወጠ ስለሚጠግን ለታመመ ዲስክ መድኃኒት የመሆኑን ያህል ሊጎዳም ይችላል።

አንድ መሰኪያ ካልበቃው ሁለት መውጫ ያለው ገመድ አለ፤ ሁለቱም ላፕቶፑ ላይ ተሰክተው አንዱ ኃይል ብቻ ያቀብላል። አንዱን መሰኪያ ወደ ብዙ የሚያበዛው ሀብ የሚባለውም፣ የራሱ አዳፕተር ካለው፣ ይሆናል። አዳፕተር የሌለው ሀብ ግን ያችኑ የአንድ መሰኪያ ኃይል ለአራት ማከፋፈል ስለሆነ ገንዘብሽን አታውጪበት።

ሲሰካ በደንብ ተነሥቶ፣ ለጥቂት ደቂቃ ሳትነኪው ስትቀሪ የሚጠፋ ከሆነ ደግሞ ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ዊንዶውስ ባትሪ ለመቆጠብ መሰኪያውን እያስተኛው ነው። ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ዩኤስቢ ሩት ሀብ የሚለውን ከፍተሽ፣ ፓወር ማኔጅመንት የሚለው ገጽ ላይ ኮምፒውተሩ መሣሪያውን እንዲያጠፋ የሚፈቅደውን ምልክት አንሺው። በፓወር ኦፕሽን ውስጥም የዩኤስቢ ሴሌክቲቭ ሰስፔንድን አጥፊ። ላፕቶፑን ክዳኑን አትዝጊበት።

የወንድምሽን ስታቢላይዘር በተመለከተ፣ ሐሳቡ ደግ ነው፤ ለዚህ በሽታ ግን አይሆንም። የዴስክቶፑ ፓወር ሰፕላይ ከግድግዳ የሚመጣው 220 ቮልት መጠነኛ ከፍና ዝቅ ቢል እንኳ የሚያወጣውን 5 ቮልት ለመጠበቅ ተብሎ የተሠራ ነው። ሰፕላዩ ራሱ ካላረጀ በስተቀር የመብራት መዋዠቅ ዩኤስቢ ላይ እንዲህ ጢቅ ጢቅ እያለ አይታይም። ላፕቶፑ ላይም ተመልሶ መጥፋቱን አትርሺ፤ ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ የመብራት መዋዠቅ በቀጥታ አያገኘውም። በሁለቱም ኮምፒውተር ላይ አብሮ የነበረው ነገር ገመዱ ነው።

ገንዘብ ካለሽ ለሥራሽ የሚያስፈልግሽ ዩፒኤስ ነው፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒውተሩን ለጥቂት ጊዜ በባትሪ የሚያቆየው፤ ዲስክ እየጻፈ ሳለ መብራት ድርግም ሲል የሚበላሸው የፋይል ብዛት ቀላል አይደለም። ከጣና ውኃ እየወሰደ 460 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የሚችል የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህም ባሕር ዳር ላይ ተቀምጦ ስለ ዩፒኤስ ማውራት ያሳፍራል፤ ግን ያው ነው። መብራት ሲጠፋ ዴስክቶፑን ከዲቫይደሩ ንቀዪው፤ ሲመጣም ወዲያው አታብሪ፣ ጥቂት ደቂቃ ይርጋ።

ከፍታው ነው ላለሽ ሰው አትጨነቂ። እርግጥ ነው፣ የንባብ ጭንቅላቱ ከሳህኑ በላይ የሚንሳፈፈው በአየር ስለሆነ አየር በሳሳበት ቦታ ሃርድ ዲስክ ይቸገራል። የአምራቾቹ የተለመደ ገደብ ግን 3,000 ሜትር ገደማ ነው፤ ባሕር ዳር 1,800 ላይ ናት። ጉና ጫፍ ላይ ሰርግ ከተጠራሽ ያን ጊዜ ዲስኩን ታች ትተሽው ውጪ።

አሁን የማልመኘው ይምጣና አዲሱ ገመድም አልረዳ እንበል። ዲስኩን እንዳትከፍቺው፤ ማቀዝቀዣ ውስጥ አሳድሪው የሚለውንም ምክር አትስሚ፣ እርጥበት ያስገባበታል። ፋይል የማውጣት ሥራ የሚሠሩ ባለሙያዎች ጋ ከመስጠትሽ በፊት ሁለት ነገር ጠይቂ፤ መጀመሪያ የዲስኩን ሙሉ ቅጂ ወስደው በቅጂው ላይ ይሠሩ እንደሆነ፣ ፋይሉ ካልወጣ ደግሞ ያስከፍሉሽ እንደሆነ። አንደኛው ላይ ከተንተባተቡ ዲስክሽን ይዘሽ ውጪ።

እስከዚያው ግን የካሜራሽን ሜሞሪ ካርዶች ሰብስቢ! የትኛው በዚያ ሰርግ ላይ እንደነበረ አስታውሺና ከካሜራው አውጥተሽ ለብቻ አስቀምጪው፤ አንድም ነገር አትቅረጪበት። ካሜራ ውስጥ ፎርማት የተደረገ ካርድ ብዙ ጊዜ የሚጠፋው ማውጫው ብቻ ነው፤ ሌላ ቪዲዮ እስኪጻፍበት ድረስ ምስሉ ከሥሩ አለ፤ ፎቶ ሬክ የሚባለው ነፃ ፕሮግራም አብዛኛውን ሊያወጣው ይችላል። የወጣውን ካርዱ ላይ ሳይሆን ላፕቶፑ ላይ አስቀምጪ። ከጥር ወዲህ ስንት ሰርግ እንደቀረጽሽበት አንቺ ታውቂያለሽ፤ አንዱ ካርድ እንኳ ሳይነካ ከተገኘ ትልቅ ነገር ነው።

ሰርጉ ከወጣ በኋላ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ በሚባለው ነፃ ፕሮግራም የዲስኩን ጤና እዪ። ቢጫ ወይም ቀይ ካሳየሽ፣ በተለይ መነበብ ያቃታቸውን ክፍሎች የሚቆጥረው ፔንዲንግ ሴክተር የሚለው ቁጥር ከዜሮ ካለፈ፣ ዲስኩ ጡረታ ይውጣ። ሰማያዊ፣ ማለትም ጤነኛ፣ ቢሆንም ሁለተኛ ዲስክ ግዢ፤ አንዱ ሱቅ፣ አንዱ ቤት ይደር። የሰው ሰርግ ተደግሞ አይቀረጽምና ይህን ወጪ ዋጋሽ ውስጥ አስገቢው።

የሙሽራው እናት ጉዳይ ቀርቷል። ቀብድ የተቀበለ ሰው «እየተቀናበረ ነው» ሲል ሁለተኛ ሳምንቱን ካለፈ እናት ትጠረጥራለች፤ በየቀኑ የሚደውሉትም ለዚህ ይመስለኛል። ከሌላ ሰው ከመስማታቸው በፊት ዛሬ ፈተናው እንዳለቀ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን፣ አንቺ ደውዪላቸው። ከወጣ፦ «እናቴ፣ ዲስኩ አስቸግሮኝ ስለነበር ነው የዘገየሁት፤ አሁን ገልብጬዋለሁ፤ በዚህ ቀን አደርሳለሁ» በያቸውና ቀኑን ጥሪ፤ የጠራሽውንም ቀን አክብሪ። ካልወጣ ደግሞ ይህንኑ ሳትሸፋፍኚ ተናገሪ፣ ቀብዱን ለመመለስ ዝግጁ መሆንሽን ግለጪ፣ ከዚያ አንድ ነገር ለምኛቸው፤ በዕለቱ በስልካቸው ሲቀርጹ የነበሩትን ዘመዶች ስም እንዲሰጡሽ። የእንግዶቹ ፎቶና ቪዲዮ ተሰባስበው ሲቀናበሩ ሙሉ ሰርግ ባይሆኑም ባዶ እጅ አያስቀሩም። ያንን ዝርዝር ከሙሽራው እናት አሟልቶ የሚሰጥሽ ሰው የለም፤ ማን ድስት ፊት፣ ማን ድንኳን በር ላይ ስልኩን ከፍ አድርጎ ቆሞ እንደነበር አንድ በአንድ ይነግሩሻል።